ጂኦካሺንግ፦ ታሪክ ባላቸው አነስተኛ የገጠር ከተሞች የሚካሄድ የፍለጋ ጉብኝት

ጂኦካሺንግ በሳተላይት ቦታ ጠቋሚ (ጂፒኤስ) እየተመሩ፣ አስቀድሞ የተደበቀን አነስተኛ ሣጥን ወይም የተመረጠን ሥፍራ ፈልጎ የማግኘት የጉዞ ጨዋታ ነው። በብዙ የዓለም አገሮች የሚዘወተር ሲሆን፣ ከዋና ዋና የጉብኝት መስመሮች ርቀው የሚገኙ፣ ነገር ግን የራሳቸው ታሪክ ያላቸው አነስተኛ የገጠር ከተሞች እንግዳ ለመሳብና ታሪካቸውን ለማስተዋወቅ ይገለገሉበታል። በአንጻሩ ያለ ፈቃድና ያለ ጥንቃቄ ከተካሄደ ቅርስን ሊጎዳ፣ የእምነት ሥፍራን ክብር ሊነካና በነዋሪው ላይ ሥጋት ሊፈጥር ይችላል። ይህ ጽሑፍ የጨዋታውን ምንነት፣ አጀማመርና አሠራር ካስረዳ በኋላ፣ የእንግሊዟን ቻግፎርድ ከተማ ማሳያ በማድረግ አንድ አነስተኛ ታሪካዊ ከተማ ከጨዋታው እንዴት ልትጠቀም እንደምትችልና ምን መጠንቀቅ እንደሚገባት ያብራራል።

የስሙ ትርጉምና የጨዋታው ምንነት

«ጂኦ» ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ምድር ማለት ነው። «ካሽ» ደግሞ መነሻው ፈረንሳይኛ ሆኖ የተደበቀ ነገርን ወይም መደበቂያን ያመለክታል። በጨዋታው ውስጥ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ደባቂው ሲሆን፣ ውኃ የማያስገባ ሣጥን አዘጋጅቶ በተመረጠ ቦታ ካኖረ በኋላ የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በድረ ገጽ ይመዘግባል። ሁለተኛው ፈላጊው ነው። እርሱም የተመዘገበውን መገኛ በስልኩ ወይም በጂፒኤስ መሣሪያው ይዞ ይጓዛል፤ ሣጥኑን ሲያገኝ በውስጡ ባለው የስም መዝገብ ላይ ስሙንና ቀኑን ያሰፍራል፤ ሣጥኑንም እንደነበረ ወደ ቦታው ይመልሳል። በሣጥኑ ውስጥ አነስተኛ የስጦታ ዕቃዎች ካሉ፣ አንዱን የወሰደ ሰው በዋጋ የሚመጣጠን ወይም የሚበልጥ ሌላ ዕቃ መተካት ይጠበቅበታል። ምግብ፣ የጦር መሣሪያ፣ ተቀጣጣይ ነገርና አልኮል በሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይፈቀድም።

የሣጥኑ ይዘት በገንዘብ ሲተመን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሣንቲም አይበልጥም። የጨዋታው ፍሬ ፈላጊው ሌላ ጊዜ ሳያይ ወደሚያልፈው ሥፍራ መድረሱና በዚያ ሥፍራ ስላለው ነገር ማወቁ ነው።

አጀማመሩ

ጨዋታው ሁለት መነሻዎች አሉት። የቀደመው የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን አውራጃ፣ ዳርትሙር በተባለው ሰፊና ዛፍ አልባ ደጋማ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 የቻግፎርድ ከተማ ነዋሪ የነበረው መንገድ መሪ ጀምስ ፔሮት፣ ክራንሜር ፑል በተሰኘው ሩቅና ረግረጋማ ሥፍራ አንድ ጠርሙስ አስቀመጠ። ከብዙ ሰዓት የእግር ጉዞ በኋላ ወደዚያ የደረሱ መንገደኞች የስም ካርዳቸውን በጠርሙሱ ውስጥ ይተዉ ጀመር። በ1888 ጠርሙሱ በቆርቆሮ ሣጥን ተተካ፤ በ1905 የጎብኚዎች መዝገብ ተቀመጠለት። ከዚህ የተነሣው ልማድ «ሌተርቦክሲንግ» (የደብዳቤ ሣጥን ፍለጋ) ተብሎ በዳርትሙር እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በዚህኛው ጨዋታ ፈላጊው የሚመራው በካርታ፣ በኮምፓስና በጽሑፍ ፍንጭ ሲሆን፣ መድረሱን የሚያረጋግጠው በሣጥኑ ውስጥ ባለው ማኅተም ነው።

ሁለተኛው መነሻ የሳተላይት ቴክኖሎጂ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባ ስለነበር፣ የመሣሪያው ስሕተት እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ይህ ማዛባት እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 (ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.) ተነሣ። በማግሥቱ ዴቭ አልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሬገን ግዛት፣ ቢቨርክሪክ በተባለች የገጠር መንደር አቅራቢያ ባልዲ ደብቆ መገኛውን በኢንተርኔት አሳወቀ። ባልዲው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተገኘ፤ በዚያው ወር መጨረሻ «ጂኦካሺንግ» የሚለው ስም ወጣ፤ በሴፕቴምበር ወር መጀመሪያ 75 ሣጥኖችን የያዘ ድረ ገጽ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተመዘገቡት ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

የአሠራሩ መሠረት

የጂፒኤስ ሥርዓት ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በሚዞሩ ቢያንስ 24 ሳተላይቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ተቀባዩ መሣሪያ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የሚደርሰውን ምልክት የጉዞ ጊዜ በማነጻጸር የቆመበትን ቦታ ያሰላል። ግልጽ ሰማይ ባለበት ሥፍራ የተለመደ የእጅ ስልክ ስሕተት ከ5 እስከ 10 ሜትር ነው። ገደል፣ ጥቅጥቅ ያለ ደንና ረጃጅም ግንብ ይህን ስሕተት ያሰፉታል።

መገኛ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በዲግሪ፣ በደቂቃና በደቂቃ ሺኛ ክፍልፋይ ነው። በኬክሮስ ረገድ የአንድ ደቂቃ ሺኛ ክፍል በመሬት ላይ 1.85 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለሆነም አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ፈላጊው ወደ ሌላ ሰው ማሳ ወይም ግቢ ሊገባ ይችላል። መገኛ ከመታተሙ በፊት በተለያየ ቀን ደጋግሞ መለካት የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

እያንዳንዱ ሣጥን በአስቸጋሪነቱና በመንገዱ ሁኔታ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። የመጀመሪያው ደረጃ የአገኛኘቱን ውስብስብነት፣ ሁለተኛው የጉዞውን ድካም ያመለክታል። ወላጆች፣ አረጋውያንና የአካል ጉዳት ያለባቸው ተጓዦች ከመነሣታቸው በፊት ሁለቱንም ማየት ይገባቸዋል።

ዋና ዋና ዓይነቶች

• ባለ አንድ ቦታ፦ የተሰጠው መገኛ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ያደርሳል።
• ባለ ብዙ ማቆሚያ፦ በየማቆሚያው የሚገኝ መልስ ወደሚቀጥለው ይመራል፤ ሣጥን የሚኖረው በመጨረሻው ላይ ነው። ለታሪካዊ ከተማ እጅግ የሚስማማው ይህ ነው።
• እንቆቅልሽ፦ ትክክለኛው መገኛ የሚታወቀው አስቀድሞ ጥያቄ በመፍታት ነው።
• የምድር ትምህርት (ኧርዝካሽ)፦ ሣጥን የለውም። ፈላጊው ስለ ሥፍራው የድንጋይ ዓይነትና የመሬት አቀማመጥ አይቶ የቀረቡለትን ጥያቄዎች ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ነው።
• የጽዳት ዘመቻ፦ ተጫዋቾች በቀጠሮ ተሰባስበው አካባቢን የሚያጸዱበት መርሐ ግብር ነው።

ቻግፎርድ፦ የአንዲት አነስተኛ ከተማ ማሳያ

ቻግፎርድ በዳርትሙር ሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ የምትገኝ፣ 1,500 ያህል ነዋሪ ያላት የገበያ ከተማ ናት። የፔሮት ጠርሙስ ታሪክ የእርሷ ታሪክ በመሆኑ የፍለጋ ጨዋታ ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። ስፋቷ በአጭር የእግር ጉዞ የሚዳረስ ቢሆንም፣ በየማዕዘኗ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ብዙ ነው።

የመጀመሪያው የማዕድን ታሪኳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1305 ንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ ቻግፎርድን በዴቨን ውስጥ የቆርቆሮ (ቲን) ማዕድን ከሚመዘንባቸው ከተሞች አንዷ አድርጎ ሰየማት። ከዳርትሙር የወጣው ማዕድን ቀልጦ ወደ ከተማዋ ይመጣል፤ በዚያም ይመዘናል፣ ጥራቱ ይፈተሻል፣ ግብር ይከፈልበትና ማኅተም ይመታበታል። የማዕድን ሠራተኞቹ የራሳቸው ሕግና ፍርድ ቤት ነበራቸው።

ሁለተኛው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። በጣሪያው ላይ ከተቀረጹት ጌጦች መካከል ሦስት ጥንቸሎች በክብ ሲሯሯጡ የሚያሳይ ይገኛል። እያንዳንዱ ጥንቸል ሁለት ጆሮ ያለው ይመስላል፤ ሲቆጠሩ ግን ጆሮዎቹ በጠቅላላ ሦስት ብቻ ናቸው። የአካባቢው ሰው «የማዕድን ቆፋሪዎች ጥንቸሎች» ይላቸዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ቅርጽ በቻይና፣ በዱንሁዋንግ ዋሻዎች፣ ከቻግፎርዱ በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ተሥሎ ስለሚገኝ፣ ምልክቱ የዳርትሙር ማዕድን ቆፋሪዎች የፈጠሩት ነው ማለት አይቻልም። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሜሪ ዊደን የተባለች ሴት የመቃብር ድንጋይ አለ፤ የተጻፈበት ዓመት 1641 ነው። በሠርጓ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ በጥይት ተገደለች የሚለው ግን በቃል የሚተላለፍ ትውፊት ነው። የፍለጋ ጉብኝት አዘጋጅ በድንጋይ የተጻፈውንና በአፍ የሚነገረውን ለይቶ የማቅረብ ኃላፊነት አለበት። ትውፊት ራሱ የከተማ ሀብት በመሆኑ መቅረብ ይገባዋል፤ ሲቀርብ ግን ትውፊትነቱ ይገለጽ።

ሦስተኛው የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ነው። ገጣሚና የምክር ቤት አባል የነበረው ሲድኒ ጎዶልፊን ከንጉሡ ወገን ተሰልፎ ሲዋጋ እ.ኤ.አ. በ1643 የሞተው በቻግፎርድ ነው። አራተኛው በአደባባዩ መካከል የቆመው፣ ስምንት ጎን ያለውና በ1862 የተሠራው የገበያ ቤት ነው። አምስተኛው የመንገድ መብራቷ ነው። ቻግፎርድ ከ1891 ጀምሮ በውኃ ኃይል በሚመነጭ ኤሌክትሪክ መንገዶቿን በማብራት በምዕራብ እንግሊዝ ቀዳሚ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት።

እነዚህ ነጥቦች ወደ ባለ ብዙ ማቆሚያ ፍለጋ እንዴት እንደሚለወጡ በሚከተለው ምሳሌ መረዳት ይቻላል። ፈላጊው ወደ ገበያ ቤቱ ሄዶ ሁለት ነገር እንዲያውቅ ይጠየቃል፤ የሕንፃውን ጎኖች ብዛትና የተሠራበትን ዓመት። ጎኖቹ 8፣ የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት አኃዞች 62 ናቸው። ሁለቱ ሲባዙ 496 ይሆናሉ። ይህ ቁጥር የሚቀጥለው መገኛ የኬክሮስ ደቂቃ ሺኛ ክፍልፋይ ተደርጎ ይገባል። የኬንትሮሱ አኃዝ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ካለው የመቃብር ድንጋይ ዓመት ሊወሰድ ይችላል። ፈላጊው በዚህ ሁሉ ጉዞ አንድም ነገር አልነካም፤ ያደረገው ማየት፣ መቁጠርና ማንበብ ብቻ ነው። የሚነካው ሣጥን የሚገኘው ከቅርሶቹ ርቆ፣ ባለቤቱ በፈቀደው ቦታ ነው።

ለአነስተኛ ከተማ የሚሰጠው ጥቅም

ዝግጅቱ የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው። አዲስ ግንባታ አያሻም፤ የሚያስፈልገው የተጣራ ታሪክ፣ ጥቂት ሣጥኖችና የሚከታተላቸው ሰው ናቸው። በመኪና ተሻግሮ የሚሄደውን መንገደኛ ከመኪናው አውርዶ ለተወሰነ ሰዓት በእግሩ እንዲዘዋወር ያደርገዋል፤ በዚያ ሰዓት ውስጥም ሻይ የሚጠጣው፣ ምሳ የሚበላውና አስጎብኚ የሚቀጥረው በከተማው ነው።

ሌላው ጥቅም ለከተማው ልጆች ነው። ተማሪዎች ጥያቄዎቹን ለማዘጋጀት አረጋውያንን ሲጠይቁ፣ ጽሑፍ ሲያገላብጡና ዓመተ ምሕረት ሲያመሳክሩ የአካባቢያቸውን ታሪክ ይማራሉ። ያልተጻፈው የአረጋውያን ዕውቀትም በዚሁ አጋጣሚ ይመዘገባል።

የጉዳት ምንጮችና መከላከያቸው

ጉዳቱ ከምን እንደሚመነጭ መረዳት መከላከያውን ያመለክታል። የስልክ ስሕተት ከ5 እስከ 10 ሜትር ስለሆነ፣ ፈላጊው የሚያስሰው አንድን ነጥብ ሳይሆን ከ78 እስከ 314 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን ክብ ነው። ሣጥኑ በጥንታዊ የድንጋይ ክምር ውስጥ ቢደበቅ ፈላጊው የትኛው ድንጋይ እንደሸፈነው ስለማያውቅ ብዙዎቹን ያነሣል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡትም እንዲሁ። ደባቂው አንድ ድንጋይ ብቻ አንሥቶ ሊሆን ይችላል፤ የመቶ ፈላጊ እጅ ግን ክምሩን ያፈርሰዋል። ድንጋይ ከቦታው ከተነሣ በኋላ ቢመለስም፣ ለተመራማሪ ይሰጥ የነበረው ማስረጃ ተመልሶ አይገኝም።

በዳርትሙር የነሐስ ዘመን የድንጋይ ክቦችና የመኖሪያ ፍርስራሾች በብዛት ስለሚገኙ፣ የሌተርቦክሲንግ ተጫዋቾች ሣጥን በጥንታዊ ቅርስ ውስጥ እንዳይደበቅ ደንብ አውጥተዋል። በጂኦካሺንግም ሣጥን ለማኖር ጉድጓድ መቆፈር የተከለከለ ነው፤ የባለይዞታ ፈቃድ ግዴታ ነው፤ በሁለት ሣጥኖች መካከልም ቢያንስ 161 ሜትር ርቀት ሊኖር ይገባል።

ሁለተኛው አደጋ የጸጥታ ሥጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ፣ ዌዘርቢ በተባለች አነስተኛ ከተማ አንድ ሰው በመንገድ ዳር ሣጥን ሲያስቀምጥ የተመለከቱ ሰዎች ለፖሊስ በማመልከታቸው አካባቢው ተዘግቶ ሣጥኑ በባለሙያዎች እንዲፈነዳ ተደርጓል። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው የጨዋታ ዕቃ ብቻ ነበር። ነዋሪውና ፖሊስ አስቀድመው ቢያውቁ ኖሮ ይህ ሁሉ ድንጋጤ ባልተከሰተ ነበር። ስለዚህ ሣጥኑ ምንነቱ በግልጽ የተጻፈበት፣ የሚቻል ከሆነም በውጭ ሆኖ ውስጡ የሚታይ ሊሆን ይገባል። ከትምህርት ቤት፣ ከድልድይ፣ ከመንግሥት ተቋምና ከጦር ሠፈር አጠገብ መቀመጥ የለበትም።

ሦስተኛው የፈላጊው የራሱ ደኅንነት ነው። የመጀመሪያው ጠርሙስ የተቀመጠበት ክራንሜር ፑል ዛሬ በውትድርና የተኩስ ልምምድ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ ተኩስ በሚካሄድበት ዕለት ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ተጓዦችም የተኩስ መርሐ ግብሩን አስቀድመው መመልከት አለባቸው። የስልክ መሣሪያ የሚያመለክተው ርቀትንና አቅጣጫን ብቻ ነው፤ በመካከል ያለውን ገደል፣ ወንዝ ወይም የተከለከለ ክልል አይናገርም።

በአገራችን ሊታሰብ የሚገባው

በአገራችን ሕግ ረገድ መነሻ የሚሆነው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርስን መለወጥ፣ ከቦታው ማንቀሳቀስም ሆነ ቅርስ ለማግኘት መቆፈር ያለ ሥልጣን ያለው አካል ፈቃድ አይቻልም። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል ማስታወቅ አለበት። ሣጥን ሲፈልግ የሸክላ ስባሪ፣ ሳንቲም ወይም ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ያጋጠመው ተጓዥ ሳያነሣው ቦታውን መዝግቦ ማሳወቅ ይኖርበታል። በሥፍራው እንዳለ የተመዘገበ ስባሪ ታሪክ ይናገራል፤ በኪስ የተወሰደው ግን አይናገርም።

ለአነስተኛ ታሪካዊ ከተማ አንኮበርን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የነበሩት በዚህች መናገሻ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ያለበት ኮረብታ፣ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናቷ፣ ከግርጌዋ ያለችውና የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ የነበረችው አልዩ አምባ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘውና ስሟን ከአንኮበር ያገኘችው ትንሽ ወፍ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ማቆሚያ የመሆን ብቃት አላቸው።

በእንዲህ ያለ ሥፍራ ሣጥን የሌለውን አሠራር ማስቀደም ይመረጣል። አንኮበር በስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተመሠረተች በመሆኗ የመሬት አቀማመጧ ለምድር ትምህርት ዓይነቱ ይስማማል። በኮረብታው ላይ የሚገኘው ፍርስራሽም በማየትና በመቁጠር ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ሊወጣለት ይችላል። ሣጥን ካስፈለገ በመጨረሻው ማቆሚያ፣ በፈቃደኛ ሆቴል፣ ሱቅ ወይም የመረጃ ማዕከል ውስጥ ቢቀመጥ ከዝናብም ከከብትም ይጠበቃል፤ ተጓዡንም ከነዋሪው ጋር ያገናኛል። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በመካነ መቃብር ቅጥር ውስጥ ግን ሣጥን ሊቀመጥ አይገባም፤ ጥያቄም ቢሆን የሚወጣው የሥፍራው አስተዳደር ሲፈቅድ ነው።

«ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ የፍለጋ መስመርን በዘላቂነት ሊይዝ የሚችለው በአቅራቢያው የሚኖር ሰው ነው። ለጥቂት ቀናት የመጣ እንግዳ ደብቆት የሚሄደው ሣጥን ሲረጥብ የሚያደርቀው፣ ሲጠፋ የሚተካው፣ ቅሬታ ሲነሣ የሚያነሣው አይኖርም። ስለሆነም ወደ አገራቸው ለጉብኝት የሚመጡ በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ጨዋታውን በትውልድ ሥፍራቸው ለማስጀመር ቢፈልጉ፣ ኃላፊነቱን የሚረከብ ነዋሪ አስቀድመው ማግኘት ይኖርባቸዋል።

ለአዘጋጆች

1. ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ከቀበሌ አስተዳደርና ከባለይዞታው ፈቃድ ያግኙ፤ ለአካባቢው ፖሊስም ያሳውቁ።
2. ታሪኩን ቢያንስ ከሁለት ምንጮች ያመሳክሩ፤ ትውፊትን ትውፊት ብለው ይግለጹ።
3. ጥያቄዎችን በሚታይና በሚነበብ ነገር ላይ ይመሥርቱ፤ መነካት ያለበትን ነገር ከቅርስ ያርቁ።
4. መገኛውን በተለያየ ቀን ይለኩ፤ መንገዱንም ራስዎ በእግርዎ ይሞክሩ።
5. ሣጥኑን በየጊዜው ይጎብኙ፤ ሥራው ሲያበቃ ከቦታውም ከድረ ገጹም ያንሡ።

ለፈላጊዎች

1. ከመነሣትዎ በፊት ካርታውን በስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ሰዓት ለሌላ ሰው ይንገሩ።
2. ማሳ አይርገጡ፤ አጥርና በር እንደነበረ ይተዉ።
3. ነዋሪ ሲጠይቅዎ የሚያደርጉትን በግልጽና በትሕትና ያስረዱ።
4. ከድንጋይ ክምር፣ ከፍርስራሽና ከመቃብር ላይ ምንም ነገር አያንሡ፤ ሣጥኑ በዚያ ያለ ከመሰለዎ ፍለጋውን አቁመው ለአዘጋጁ ያሳውቁ።
5. ይዘውት የመጡትን ቆሻሻ ይዘው ይመለሱ።

ስለ አንድ ሥፍራ የቅርስነት ደረጃም ሆነ ስለ ፈቃድ አሰጣጥ ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልግ ማንኛውም ሰው በቅድሚያ በሥፍራው የሚገኘውን የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊጠይቅ ይችላል።